የጉድጓዱ ድንጋይ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሥራው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ፣ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ይጠጣበት የነበረውን አሮጌ ጉድጓድ አፉን መጠገን። ከዚያ አጠገቡ ጽሑፍ ያለበት የመታሰቢያ ድንጋይ ማቆም። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ መዝገብ መያዝ ለእኔ ደረሰኝ።

ልኬት፦ የጉድጓዱ አፍ ክብ ነው፣ የውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር ከ40። ከመሬት በላይ ያለው የድንጋይ ግንብ 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ላዩ ላይ የተጋደመው ቆርቆሮ ዝገት በልቶት ተበሳስቷል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቆርቆሮውን አንስተን በብረት ፍርግርግ ዘጋነው። ልጆች የሚሯሯጡበት ቦታ ላይ ክፍት ጉድጓድ ትቶ ስለ ታሪክ መሰብሰብ ደግ አይደለም።

ግምታችን ይህ ነበር፦ ድንጋዩ ከባዱ ሥራ፣ ጽሑፉ ደግሞ የአንድ ማታ ሥራ። ይህን ዓረፍተ ነገር አልሰርዘውም፤ እንዴት እንደተሳሳትን ይታይ።

ሳምንት 2

የመጀመሪያው ረቂቅ 214 ቃል ወጣው። ሁላችንም ወደድነው። ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁ።

ያሰብነው ድንጋይ 80 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። በየጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ሲተው 64 በ104 ይቀራል። ፊደሉ 25 ሚሊ ሜትር ቁመት ከኖረው ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሳይጨነቅ ያነበዋል፤ ከዚያ ማሳነስ አልፈለግንም። በዚህ መጠን አንድ መስመር ላይ 29 ያህል ፊደል ይገባል፣ መስመሮቹም 23 ናቸው። ስም የሚጻፍ ከሆነ ከመስመሮቹ ግማሽ ያህሉ ለስም፣ ጥቂቱም ለርእስ ይሄዳል። ለታሪኩ የሚተርፈው ስምንት መስመር፣ ማለት 42 ቃል ገደማ ነው። ከ214 ወደ 42!

ላለመቀነስ ብዙ ተሟገትን። ፊደሉን እናሳንስ ያለ ነበር። ረቂቁን በእውነተኛ መጠኑ አሳትሜ ካርቶን ላይ ለጠፍኩና ጉድጓዱ ጎን አቆምኩት። ራቅ ብዬ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አየሁ። ብዙው ሰው አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ዓይኑን ያነሳል። ካርቶኑ ክርክሩን ዘጋው።

አጭር ጽሑፍ ደካማ አይደለም። ጉንተር ደምኒግ የሚባለው ጀርመናዊ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በናዚ ዘመን የተገደሉና የተሳደዱ ሰዎች ይኖሩባቸው በነበሩ ቤቶች ደጃፍ የሚተክላቸው ድንጋዮች 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናቸው፤ ላያቸው ናስ ነው። አብዛኞቹ «እዚህ ይኖር ነበር» ብለው ይጀምሩና ስም፣ የልደት ዓመት፣ የደረሰበትን ነገር አስፍረው ያበቃሉ። ከእኛ ረቂቅ ውስጥ «ዘመን የማይሽረው» እና «ፈር ቀዳጅ» የሚሉትን መጀመሪያ ያወጣኋቸው ይህን አስቤ ነው። ማንም አልተቃወመም።

የሚሞገስ በሕይወት ያለ ሰው ይጨመር የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። በ1866 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው፣ ታዋቂ ሰዎች የኖሩባቸው ቤቶች ላይ የሚለጠፈው የለንደን ሰማያዊ ሰሌዳ አንድ ሰው ከሞተ 20 ዓመት ካልሞላው አይቀበልም። እኛም ደንቡን እንዳለ ወሰድነው። ጠብ ያበርዳል።

ሳምንት 3

ስህተት፣ ትልቅ። የግንቡ መጋጠሚያ ተሸርሽሮ ስለነበር በሲሚንቶ ማልታ ሞላነው። ሁለት ቀን ፈጀ፣ ሲያዩት ያምራል። ዝናብ ጣለበት። በአምስተኛው ቀን ድንጋዮቹ ላይ ነጭ ጨው ወጣ፤ የአንዱ ድንጋይ ፊት ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ።

ምክንያቱን ድንጋይ ጠራቢው ነገረን። የድሮው ግንብ የተሠራው በኖራ ነው፣ ድንጋዩም ለስላሳ ነው። ኖራ እርጥበትን በመጋጠሚያው በኩል ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራና ድፍን ስለሆነ ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ገላ በኩል ይወጣል፤ ጨውንም ይዞት ይመጣል። እኛ መጋጠሚያውን ያዳንን መስሎን ድንጋዩን እየገደልን ነበር።

አወጣነው። በግራይንደር መነካካት አልተፈቀደልንም፤ ዲስኩ ቢስት የድሮውን ድንጋይ ይበላል። በቀጭን መሮና በትንሽ መዶሻ፣ ስድስት ቀን። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ቀስ ይላል፤ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አለበስነው።

ሦስት ድንጋዮች ጠፍተው ስለነበር በአዲስ ተካን። አንዱ የኮሚቴ አባል «አስረጅተን ከድሮው ጋር እናመሳስለው» አለ። አይሆንም አልኩ። የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቬኒስ ቻርተር፣ ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የጎደለን ክፍል የሚተካ ነገር ከአካባቢው ጋር ተስማምቶ፣ ግን ከዋናው ተለይቶ መታየት አለበት ይላል። አዲሶቹን ከግንቡ ፊት በ5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገባናቸው። ከሩቅ አይታይም፣ ቀርቦ ላየ ግን ግልጽ ነው።

ሳምንት 4 እና 5

ዓመተ ምሕረቱ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ልጆች የነበሩ ሦስት አረጋውያን አሉ። ለየብቻ ነው ያነጋገርናቸው፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ የአንዱ ትዝታ የሌላው ይሆናል። ሦስቱም «1942» አሉ። ከአንድ ቤተሰብ እጅ የተገኘው የመዋጮ ደብተር ግን ከላዩ «1949» ይላል።

ሁለት ሳምንት ተከራከርንበት። ደብተር ይበልጣል የሚል አለ፤ ሦስት ሰው ሊሳሳት አይችልም የሚል አለ። «ከ1940ዎቹ ወዲህ» ብለን እንለፈው የሚልም አልጠፋ። መልሱ ደብተሩ ውስጥ ነበር። ገጾቹ መሐል የተጣበቀች የመዶሻና የአካፋ ደረሰኝ አለች፤ ቀኗ «ኦክቶበር 1949» ነው። ደብተሩን የያዘው ጸሐፊ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። 1949 ሲቀነስ 7፣ 1942። አረጋውያኑም «ዝናቡ እንዳባራ፣ በጥቅምት ተጀመረ» ብለውን ነበር። ሁለቱም ወገን ልክ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሁለቱም ዓመት ይጻፋል።

ለሁለተኛ ቋንቋ ቦታ አልተረፈም እንጂ ሐሳቡ ቀርቦ ነበር። ያቀረበው ሰው የኢዛናን ድንጋይ ጠቀሰ፦ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ የተቀረጸ። ኢዛና የቦታ ችግር አልነበረበትም አልነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። እዚህ ላይ ነው ሥራው መልኩን የለወጠው። ደብተሩ ውስጥ 31 ስም አለ፣ ሁሉም ገንዘብ ያዋጡ ናቸው። የቆፈረ ሰው አንድም አልተጻፈም። ገንዘብ የሰጠ ደረሰኝ አለው፤ ጉልበት የሰጠ ግን የሚያስታውሰው ሰው ከሌለ የለም። የመጀመሪያው ረቂቃችን የደብተሩን 31 ስም እንዳለ ገልብጦ «ይህን ጉድጓድ ያስቆፈሩ» ይል ነበር። ልንቀርጸው አንድ ሳምንት ሲቀረን ነው የነቃነው።

የቆፋሪዎቹን ስም ከአፍ መሰብሰብ ጀመርን። ደንብ አወጣን፦ አንድ ስም ድንጋይ ላይ የሚወጣው ሁለት ሰዎች ተለያይተው ሲጠሩት ብቻ ነው። 15 ወንዶች አገኘን። ዝርዝሩን ለአንዷ እናት ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ ወንዶቹ ቆፈሩ እሺ። አፈሩንስ ማን አወጣው?»

«ማን አወጣው እማማ?»

«እኛ ነና። ወንዶቹ በገመድ ይስቡልናል፣ እኛ በቅርጫት ተሸክመን ሜዳው ላይ እንደፋለን። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴን እከተል ነበር።»

ሜዳው ላይ ያለው ጉብታ ከምን እንደመጣ ያን ቀን አወቅሁ። ልጅ ሆኜ ኳስ የምንጫወተው እሱ ላይ ነበር።

ስድስት ሴቶች ተቆጠሩ። ሦስቱ በስማቸው ይታወቃሉ። ሦስቱ «የእገሌ እናት»፣ «የእገሌ ሚስት» ብቻ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ፈልገን የሁለቱን አገኘን። አንዷ ቀረች። «የእገሌ ሚስት» ብሎ መቅረጽ ላይ ተከራክረን ተውነው፤ ባዶ ቦታ ይሻላል። እናም 20 ስም በሁለት ዓምድ፣ አሥር መስመር። ከሥሩ ሁለት መስመር ባዶ፣ ማለት የአራት ስም ቦታ።

ቅደም ተከተሉስ? በዕድሜ፣ በማዕረግ፣ በብዙ ቅርጫት ሁሉ ተባለ። ዋሽንግተን ያለው የቪየትናም ጦርነት መታሰቢያ ከ58,000 በላይ ስሞችን የደረደረው በፊደል ሳይሆን ሰዎቹ በወደቁበት ቀን ነው፤ እኛ ግን ማን በየትኛው ቀን እንደቆፈረ አናውቅም። በሀ ሁ ተራ ሆነ። ወዲያው ሌላ ጣጣ፦ ስሙ በሀ ይጻፍ በሐ ወይስ በኀ? ቤተሰቡ የሚጽፈውን ተከተልን፤ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ከጻፈ የትልቁን ልጅ።

የጸደቀው ጽሑፍ፣ 41 ቃል፦

«ይህን ጉድጓድ የሰፈሩ ሰዎች በ1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1949) በእጃቸው ቆፈሩት። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ከዚህ ጠጣ። ገንዘብ ያዋጡት 31 ሰዎች በመዝገብ ተጽፈዋል። ቆፋሪዎቹን ግን መዝገብ አልያዛቸውም፤ ከታች ያሉት ስሞች ከሚያስታውሷቸው ሰዎች አፍ የተገኙ ናቸው። ያልተገኘ ስም ካለ ቦታው ክፍት ነው።»

ሳምንት 6

የድንጋይ ምርጫ። ነሐስ ሰሌዳ ገና ከመጀመሪያው ወደቀ፤ ብረት ለቃሚ ያወጣዋል። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ለመቅረጽ ይቀላሉ፤ ነገር ግን አሲድነት ያለው ዝናብ ቀስ በቀስ ያሟሟቸዋል፣ ቀጫጭን ፊደል ቀድሞ ይጠፋል። ባዛልት፣ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ተመረጠ። ሲቀረጽ የተቆረጠው ቦታ ከፊቱ ነጣ ስለሚል ቀለም አይፈልግም።

ግን ባዛልት ሁሉ አንድ አይደለም። መጀመሪያ የቀረበልን በጋዝ አረፋ የተበሳሳ ነበር። ሙከራ አስቀረጽን። «ቤ» ስር ያለችው ቀለበት አንዷ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ጠፋች፣ ፊደሉም «ቤ» ይሁን «ቢ» የማይለይ ሆነ። በእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በጥቃቅን ጭረትና ቀለበት ላይ ነው። ድፍኑን ፈልገን አገኘን፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ፊቱ እንዳያብለጨልጭ አስደረግን። የተወለወለ ድንጋይ የራስን ፊት ነው የሚያሳይ።

በአሸዋ መርጫ ማሽን ይሁን ወይስ በእጅ? ማሽኑ በጣም ይረክሳል። ግን የሚሠራው በጎማ ላይ በተቆረጠ ቅርጽ ነው፤ በመ፣ በቀ፣ በወ ክብ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ጎማ በርጩው ኃይል ተነሥታ ትበራለች። በሙከራው ከ30 ፊደል አራቱ ተደፈኑ። በእጅ ሆነ፦ ጫፉ ካርባይድ የሆነ መሮ፣ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሹል ቦይ፣ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት። ጠራቢው በቀን 25 ፊደል አለ። 350 ፊደል ገደማ አለን፣ ስለዚህ 14 የሥራ ቀን።

ሳምንት 7

መሠረት። ከጉድጓዱ 80 ሳንቲ ሜትር ርቀን ቆፈርን። አካፋው እንደ ቅቤ ገባ፤ ቆፋሪዎቹ በኋላ የሞሉት ልል አፈር ነው። ድንጋዩን እዚያ ብናቆመው በሁለት ክረምት ወደ ጉድጓዱ ይጋደም ነበር። የቆፈርነውን መልሰን ደፍነን ከጉድጓዱ ወደ 2 ሜትር ተኩል ራቅን፤ እዚያ መሬቱ ድፍን ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላይ አርማታ፣ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ2 እጅ አሸዋ ለ3 እጅ ጠጠር። ላዩን ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ውጭ ዘንበል አደረግነው። ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ፤ ሙሉ ጥንካሬው ግን ወደ 28 ቀን ገደማ ነው፣ ቀረጻው እስኪያልቅ ይደርሳል።

አቅጣጫውን ካርቶኑ ነው የወሰነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አቆምነው። ብርሃን ከፊት ሲመታው ቦዩ ጥላ ስለማይጥል ፊደሉ ይጠፋል፤ ከጎን ሲመታው ጎልቶ ይወጣል።

ሳምንት 8 እስከ 12

በአምስተኛው የቀረጻ ቀን ማታ ሄጄ አየሁ። ርእሱ አልቋል፣ ከጽሑፉ አራት መስመር ተኩል ሄዷል። አነበብኩ። «ቆፋሩዎቹን»።

ሪ ሩ ሆናለች። ደግሜ አነበብኩ፣ አልተለወጠም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠራቢው የሚገለብጥበትን ወረቀት ሳሳትም ዋናውን ፋይል በመላክ ፈንታ ከስልኬ ስክሪን ያነሳሁትን ምስል አስተልቄ ሰጠሁ። ሲተልቅ ደበዘዘ፤ የሪ ጭረት ከታች መሆኗ ጠፋ። ጠራቢው ያየውን ቀረጸ። ቃሉን ሳይሆን መስመሩን ነው የሚያይ፣ ሥራው ያ ነው።

አማራጮች፦ ጭረቷን በኢፖክሲ ሙጫና በድንጋይ ዱቄት መድፈን። አንድ ቀን ብቻ ይፈጃል፣ ግን ኢፖክሲ ፀሐይ ሲያገኘው ይቢጫል፤ ጥቁር ድንጋይ ላይ ቢጫ ጠባሳ። ያንን መስመር ብቻ ዝቅ አድርጎ መፋቅ፦ ፊቱ ላይ ቦይ ይሠራል፣ ውሃ ይቋጥራል። ሙሉውን ፊት 5 ሚሊ ሜትር ፍቆ እንደገና መጀመር፦ ሁለት ቀን መፋቅ፣ አምስት ቀን ድጋሚ ቀረጻ። «ማን ያስተውለዋል?» ያለ ነበር። የስም አጻጻፍ ቤተሰብ ድረስ ሄደን የጠየቅን ሰዎች ነን። ፈቅነው። ግራይንደሩ ላይ ውሃ እያፈሰስን፣ ማስክ አድርገን፤ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማረሚያ ደንብ፦ አንድ ሰው ከመጨረሻው ቃል ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ከወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ወደፊት ሲነበብ አእምሮ ስህተቱን ራሱ ያርመውና ያልፋል። በዚህ መንገድ ከስሞቹ ውስጥ ሁለት ስህተት ከመቀረጹ በፊት ያዝን። በቪየትናም መታሰቢያ እንኳ በጽሕፈት ስህተት በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ተቀርጾ ተገኝቷል።

ሳምንት 13

ማቆም። «አራት ጠንካራ ሰው ይበቃል» ብለን ነበር። ክብደቱን ያሰላሁት በዋዜማው ነው፤ 0.8 በ1.2 በ0.12 ሜትር፣ በሜትር ኩብ 2.9 ቶን፣ ወደ 330 ኪሎ። ለአንድ ሰው ከ80 ኪሎ በላይ። ተውነው። በብረት ቱቦ ላይ እያንከባለልን አመጣነው፣ በሦስት እግር ላይ በተሰቀለ የሰንሰለት ማንሻ አነሳነው። ማሰሪያው ስር ጨርቅ ማድረግ ረስተን የኋላው የታች ማዕዘን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ተሸረፈ። ከፊት ስለማይታይ አልነካነውም።

ድንጋዩን ከመሠረቱ ጋር የሚያያዙት ሦስት ዘንጎች ናቸው። ከመሠረቱ የተረፈ ፌሮ ስለነበረኝ ቆርጬ አዘጋጅቼ ነበር። ጠራቢው ወረወረው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ከውስጥ ሆኖ ድንጋይ ይሰነጥቃል። አቴንስ አክሮፖሊስ ላይ ባላኖስ የሚባል መሐንዲስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስገባቸው የብረት ማያያዣዎች ዝገው እብነ በረዱን ሰነጠቁት፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች እያወጡ በቲታኒየም ተኩት። ለእኛ 16 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ በቃ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 15 ወደ ታች። በውሃ ልክና በቱምቢ አስተካክለን ለቀቅነው።

ምርቃት የሚባል አላደረግንም። ስለ አፈሩ የነገሩኝ እናት በወንበር ተደግፈው መጡ፣ የእናታቸውን ስም በጣታቸው ተከተሉ፣ «ከፍ ብሏል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ተቀምጦ ለሚያነብ የላይኛው መስመር ይርቃል። ካርቶኑን ተቀምጠን አላየነውም።

ሳምንት 14

ወጪ በመቶኛ፦ ቀረጻ 41፣ ድንጋይ 22፣ መሠረትና ማንሳት 17፣ የግንቡ ጥገና 14፣ ቀሪው 6። ከ21ዱ የቀረጻ ቀናት ሲሶው የእኔ «ሩ» ናት። ከግንቡ ጥገና ከግማሽ የሚበልጠው ሲሚንቶ ማውጣት ነው። በስልክ የሚነበብ ኮድ እንለጥፍ ተብሎ ነበር፤ የድንጋዩ ዕድሜ ኮዱ ከሚያደርስበት የኢንተርኔት አድራሻ ዕድሜ ስለሚበልጥ ቀረ። ስሞቹን የነገሩንን ሰዎች የድምፅ ቅጂ በሦስት ቦታ አስቀመጥን።

ከአምስት ወር በኋላ

የቀረችው ሴት ስም ተገኘ። ድንጋዩን ያነበበ ሰው አያቱን ጠይቆ መጣ፤ ሁለተኛ ምስክር ፈልገን ሌላ ሰፈር የምትኖር የእህት ልጅ ያንኑ ስም፣ ከአባት ስም ጋር፣ ሳንነግራት ጠራችው።

ጠራቢው ቆሞ፣ ድንጋዩ በቆመበት ቀረጸው። ስምንት ፊደል፣ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ወደ ኋላ አንብበን አረምን። ከሀ ሁ ተራው ውጪ ነው፣ ከሌሎቹም ነጣ ይላል። ሌላ አንድ ቤተሰብ አያታችን አለበት ብሎ ጠይቋል፤ ያለው ምስክር ግን አንድ ነው፣ ሁለተኛ እየፈለግን ነው። የቀረ ቦታ፦ ሦስት።